ዲበግ ፕሮብ በትዕዛዝ መስመር መምረጥ

ዲበግ ፕሮብ በትዕዛዝ መስመር መምረጥ ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዲበግ ፕሮቦች ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር ተያይዘው ሳለ አንድ ፕሮግራም በየትኛው እንዲሠራ በትዕዛዙ ላይ በሚጻፍ አማራጭ መወሰን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምርጫው የሚደረገው በፕሮቡ ሲሪያል ቁጥር ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን በአምራችና በምርት ቁጥር፣ በዩኤስቢ መሰኪያ ቦታ ወይም በተራ ቁጥር እንዲመረጥ ይፈቅዳሉ።

በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ፕሮብ ብቻ ሲኖር ምርጫ አያስፈልግም። ሁለተኛው ሲሰካ ግን ትዕዛዙ የትኛውን ቦርድ እንደሚነካ ግልጽ መሆን አለበት። የተሳሳተ ቦርድ ላይ የተላከ ትዕዛዝ በደህና ይሠራ የነበረን ፕሮግራም ሊያጠፋ፣ አንዳንዴም ቺፑን ዳግመኛ እንዳይከፈት አድርጎ ሊቆልፈው ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የትዕዛዞችና የአማራጮች ስም እንደ አነባበቡ በግዕዝ ፊደል ተጽፏል። ኮምፒዩተር ላይ ሲተየቡ በላቲን ፊደል ነው። በአንድ ጭረት (-) የሚጀምር አጭር አማራጭ፣ በሁለት ጭረት (--) የሚጀምር ደግሞ ረጅም አማራጭ ይባላል። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ሲሪያል ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው።

ዲበግ ፕሮብ ምንድን ነው

ዲበግ ፕሮብ በኮምፒዩተርና በማይክሮኮንትሮለር መካከል የሚገባ ትንሽ መሣሪያ ነው። በአንድ ጎኑ በዩኤስቢ ከኮምፒዩተሩ ጋር፣ በሌላው ጎኑ በጥቂት ሽቦዎች ከቺፑ ጋር ይገናኛል። በእርሱ አማካይነት ፈርምዌር ወደ ቺፑ ፍላሽ ይጫናል፤ ፕሮግራሙን በፈለጉት መስመር ላይ ማቆም፣ የማኅደረ ትውስታን ይዘት ማንበብና መለወጥ፣ ቺፑንም እንደገና ማስነሳት ይቻላል።

ከቺፑ ጋር የሚያገናኙት መንገዶች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጄታግ ነው። ስሙን ያገኘው በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከተቋቋመው የጋራ የፈተና ቡድን ሲሆን፣ በ1990 (እ.ኤ.አ.) አይ-ትሪፕል-ኢ 1149.1 በሚል ቁጥር መደበኛ ደንብ ሆኗል። ሁለተኛው ኤስደብሊውዲ ይባላል። ይህን ያወጣው አርም የተባለው ድርጅት ሲሆን፣ ለመረጃና ለሰዓት ምት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ይበቁታል። ስለዚህ እግራቸው ጥቂት በሆኑ ትንንሽ ቺፖች ላይ የተለመደ ነው።

በሰፊው ከሚታወቁት ፕሮቦች መካከል የሴገር ኩባንያ ጄ-ሊንክ፣ የኤስቲ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ኤስቲ-ሊንክ፣ የራስበሪ ፓይ ዲበግ ፕሮብ እና ብላክ ማጂክ ፕሮብ ይገኛሉ። አርም ያወጣው ሲኤምሲስ-ዳፕ የሚባል የግንኙነት ደንብም አለ። ይህን ደንብ የሚከተሉ ፕሮቦችን የተለያዩ አምራቾች ይሠራሉ። ብዙ የመማሪያ ቦርዶች ፕሮቡን ራሱን በቦርዱ ላይ ይዘው ይመጣሉ። በዚህም ምክንያት ተማሪው ሁለት ቦርድ በሰካ ቁጥር፣ ሳያስበው ሁለት ፕሮብ ሰክቷል ማለት ነው።

ለምን መምረጥ ያስፈልጋል

ፕሮብ ሳይጠቀስ ትዕዛዝ ሲሰጥ ፕሮግራሞች ከሦስት አንዱን ያደርጋሉ።

የመጀመሪያው መንገድ በቅድሚያ የተገኘውን መውሰድ ነው። «በቅድሚያ» የሚለው ግን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የዩኤስቢ መሣሪያዎችን የቆጠረበት ቅደም ተከተል እንጂ ተጠቃሚው የሰካበት ቅደም ተከተል አይደለም። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲነሳ፣ ገመድ ተነቅሎ ሲሰካ ወይም ፕሮቡ ራሱን ዳግም ሲያስነሳ ቅደም ተከተሉ ሊለወጥ ይችላል። ትናንት ትክክለኛውን ቦርድ የነካ ትዕዛዝ አንድም ፊደል ሳይቀየርበት ዛሬ ሌላውን ሊነካ ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ስህተት አስቸጋሪነት ፕሮግራሙ «ተሳክቷል» ብሎ መመለሱ ነው፤ በእርግጥም ተሳክቷል፣ በሌላ ቦርድ ላይ።

ሁለተኛው መንገድ መጠየቅ ነው። ፕሮግራሙ ያገኛቸውን ፕሮቦች በቁጥር ዘርዝሮ ተጠቃሚው እንዲመርጥ ይጠብቃል። ይህ ከፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ጥሩ ነው። ሌሊት ብቻውን ለሚሠራ ስክሪፕት ግን መልስ የሚሰጥ ሰው ስለሌለ ሥራው እዚያው ቆሞ ያድራል።

ሦስተኛው መንገድ ስህተት አሳውቆ ማቆም ነው። ለስክሪፕት ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ያልተወሰነ ነገር መኖሩን ወዲያውኑ ይናገራል።

ጉዳቱ እንደ ትዕዛዙ ዓይነት ይለያያል። ማኅደረ ትውስታን ማንበብ ብቻ ከሆነ የተሳሳተ ቁጥር ከማየት አያልፍም። ፍላሽ ማጥፋትና መጻፍ ከሆነ የሌላው ቦርድ ፕሮግራምና በውስጡ የተቀመጠው የልኬት መረጃ ይጠፋል። ከሁሉም የከፋው የማይመለስ ቅንብር ነው። ለምሳሌ በብዙ የኤስቲኤም32 ቤተሰብ ቺፖች ላይ የንባብ መከላከያ ደረጃ 2 አንዴ ከበራ የዲበግ በሩ ለዘለቄታው ይዘጋል፤ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ለሽያጭ የተዘጋጀን ዕቃ ሊቆልፍ የተላከ ትዕዛዝ በአጠገቡ ያለውን የሙከራ ቦርድ ቢያገኝ ያ ቦርድ ለዲበግ ሥራ ዳግመኛ አይውልም።

ፕሮብን የሚለዩ ምልክቶች

የአምራችና የምርት ቁጥር። እያንዳንዱ የዩኤስቢ መሣሪያ ባለ 16 ቢት የአምራች ቁጥርና ባለ 16 ቢት የምርት ቁጥር አለው። ሁለቱም በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ይጻፋሉ። ለምሳሌ የኤስቲ-ሊንክ ሁለተኛ ትውልድ ፕሮብ 0483:3748 ነው። የሴገር የአምራች ቁጥር ደግሞ 1366 ነው። እነዚህ ቁጥሮች የመሣሪያውን ዓይነት ይለያሉ እንጂ አንዱን ፕሮብ ከመሰሉ አይለዩም። ስለዚህ አንድ ጄ-ሊንክና አንድ ኤስቲ-ሊንክ ብቻ ሲኖሩ ይበቃሉ፤ ሁለት ኤስቲ-ሊንክ ሲኖሩ ግን አይረዱም።

ሲሪያል ቁጥር። ይህ ለእያንዳንዱ ፕሮብ በተናጠል የሚሰጥ መለያ ነው። ፕሮቡ በየትኛውም መሰኪያ ቢሰካ፣ ወደ ሌላ ኮምፒዩተርም ቢወሰድ አይለወጥም። በጄ-ሊንክ ላይ በመሣሪያው ጀርባ ታትሞ ይገኛል። በዩኤስቢ ደንብ ግን ሲሪያል ቁጥር ግዴታ አይደለም። አምራቹ ሊተወው ይችላል።

የመሰኪያ ቦታ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መሣሪያው በየትኛው የዩኤስቢ መስመርና በየትኛው ቀዳዳ እንደተሰካ ያውቃል። በሊነክስ «1-4.2» የሚል አድራሻ ማለት በመስመር 1፣ በቀዳዳ 4 ላይ በተሰካ ማከፋፈያ (ሀብ) ሁለተኛ ቀዳዳ ውስጥ ማለት ነው። ገመዱ እስካልተነቀለና እስካልተዛወረ ድረስ ይህ አድራሻ አይለወጥም። ሲሪያል ቁጥር ለሌላቸው ፕሮቦች የሚሻለው መለያ ይህ ነው።

የመሣሪያ አድራሻና ተራ ቁጥር። አንድ የዩኤስቢ መስመር እስከ 127 መሣሪያዎችን ይይዛል። ለእያንዳንዳቸውም ሲሰኩ ጊዜያዊ አድራሻ ይሰጣቸዋል። ይህ አድራሻ በተነቀለና በተሰካ ቁጥር ስለሚለወጥ በስክሪፕት ውስጥ መጻፍ አይገባም። በዝርዝር ውስጥ ያለ ተራ ቁጥር («0»፣ «1»፣ «2») ላይም ያው ጉድለት አለበት።

ታሪክ

ዩኤስቢ ከመስፋፋቱ በፊት የጄታግ ገመዶች በኮምፒዩተሩ የፓራለል (የፕሪንተር) ፖርት ላይ ይሰኩ ነበር። ያኔ ፕሮብ መምረጥ ማለት ፖርት መምረጥ ነበር። በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው ፖርት አድራሻ 378፣ የሁለተኛው 278 ነው፤ ሁለቱም በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ናቸው። አንድ ኮምፒዩተር ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ እንዲህ ያለ ፖርት ስላልነበረው ጥያቄው ብዙም አይነሳም ነበር።

ዩኤስቢ ሲመጣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ፕሮብ መሰካት ቀላል ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ጄ-ሊንኮች ከ0 እስከ 3 የሚደርስ የዩኤስቢ አድራሻ ይሰጣቸው ነበር። አድራሻውም በምርት ቁጥሩ ይገለጽ ነበር። ስለዚህ በዚህ ዘዴ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሊለዩ የሚችሉት አራት ብቻ ነበሩ። በኋላ መለያው ሲሪያል ቁጥር ሆነና ይህ ገደብ ቀረ።

ኦፕን-ኦሲዲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዶሚኒክ ራት በጀርመን አገር በአውግስቡርግ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ለመመረቂያ ጽሑፉ የጀመረው ሥራ ነው። በጊዜ ሂደት ለእያንዳንዱ የፕሮብ ዓይነት የተለያየ ድራይቨር ስለተጨመረበት፣ ሲሪያል ቁጥር መጥቀሻ ትዕዛዙም እንደየድራይቨሩ ይለያይ ነበር። በስሪት 0.12 ግን ለሁሉም የሚሆን አንድ ትዕዛዝ ተደረገ።

በየፕሮግራሙ ያለው አሠራር

ኦፕን-ኦሲዲ

ኦፕን-ኦሲዲ ራሱን የቻለ የፕሮብ መምረጫ አማራጭ የለውም። በምትኩ የውቅር ትዕዛዞችን በትዕዛዝ መስመር ይቀበላል። «-ኤፍ» የውቅር ፋይል ያስነብባል፤ «-ሲ» ደግሞ ከኋላው የተጻፈውን ትዕዛዝ ያስፈጽማል። ሁለቱም በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይፈጸማሉ። ፕሮብ የሚመረጠው «አዳፕተር ሲሪያል» በሚለው ትዕዛዝ ነው።

ኦፕንኦሲዲ -ኤፍ ኢንተርፌስ/ሲኤምሲስ-ዳፕ.ሲኤፍጂ -ሲ "አዳፕተር ሲሪያል 11223344" -ኤፍ ታርጌት/አርፒ2040.ሲኤፍጂ

ይህ ትዕዛዝ በመጀመሪያ የፕሮቡን ዓይነት፣ ቀጥሎ የትኛው ፕሮብ እንደሆነ፣ በመጨረሻም የቺፑን ዓይነት ይናገራል። ከ«-ሲ» በኋላ ያለው ትዕዛዝ ክፍት ቦታ ስላለበት በጥቅስ ምልክት ውስጥ መግባት አለበት። ምልክቱ ከተረሳ ሼሉ ትዕዛዙን ሦስት ቦታ ይቆራርጠዋል። «አዳፕተር ሲሪያል» የውቅር ደረጃ ትዕዛዝ በመሆኑ ከ«ኢኒት» በፊት መምጣት ይኖርበታል። ፕሮቡ ከተከፈተ በኋላ ሊለወጥ አይችልም።

ከስሪት 0.12 በፊት በነበሩት ስሪቶች ለኤስቲ-ሊንክና ለመሰሎቹ «ኤችኤልኤ_ሲሪያል»፣ ለሲኤምሲስ-ዳፕ «ሲኤምሲስ_ዳፕ_ሲሪያል» የሚሉ ትዕዛዞች ነበሩ። በቆዩ መማሪያዎችና ስክሪፕቶች ውስጥ እስካሁን ይታያሉ። ሲሪያል ለሌለው ፕሮብ «አዳፕተር ዩኤስቢ ሎኬሽን 1-4.2» በማለት በመሰኪያ ቦታው መምረጥ ይቻላል።

ፓይ-ኦሲዲ

በፓይተን የተጻፈው ፓይ-ኦሲዲ «ሊስት» በሚለው ንዑስ ትዕዛዝ የተሰኩትን ፕሮቦች ከመለያቸው ጋር ይዘረዝራል። ከዚያ በኋላ «-ዩ»፣ «--ዩአይዲ» ወይም «--ፕሮብ» በሚለው አማራጭ ይመረጣል። ሦስቱም አንድ ናቸው።

ፓይኦሲዲ ፍላሽ --ፕሮብ 3344 ፈርምዌር.ሄክስ

መለያውን ሙሉ በሙሉ መጻፍ ግድ አይደለም፤ ከፊሉ ይበቃል። ከመለያው በፊት የፕሮቡን ዓይነት በሁለት ነጥብ ለይቶ መጻፍም ይቻላል፤ ለምሳሌ «ኤስቲሊንክ:» ወይም «ጄሊንክ:»። ፕሮብ ሳይጠቀስ ብዙ ፕሮቦች ከተገኙ ዝርዝር አቅርቦ ይጠይቃል። ምንም ፕሮብ ካልተገኘ ደግሞ እስኪሰካ ድረስ ይጠብቃል። ይህን መጠበቅ ለማስቀረት «--ኖ-ዌይት» የሚል አማራጭ አለ።

ከፊል መለያ መጻፍ ጊዜ ቢቆጥብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዛሬ አንድ ፕሮብን ብቻ የሚገልጽ አራት ፊደል ነገ አዲስ ፕሮብ ሲሰካ ሁለቱን ሊገልጽ ይችላል። በእጅ ሲሠራ አጭሩ፣ በስክሪፕት ሲጻፍ ሙሉው ይመረጣል።

ፕሮብ-አርኤስ

በረስት ቋንቋ የተጻፈው ፕሮብ-አርኤስ «ሊስት» በሚለው ትዕዛዝ ፕሮቦችን ይዘረዝራል። «--ፕሮብ» የሚለው አማራጭ የአምራች ቁጥርን፣ የምርት ቁጥርንና ካስፈለገም ሲሪያል ቁጥርን በሁለት ነጥብ ለይቶ ይቀበላል።

ፕሮብ-አርኤስ ሪሴት --ፕሮብ 0483:3748:11223344

ብዙ ፕሮቦች ኖረው አማራጩ ካልተጻፈ ይጠይቃል። «--ኖን-ኢንተራክቲቭ» ከተጨመረ ግን ሳይጠይቅ ስህተት አሳውቆ ያቆማል። ምርጫውን «ፕሮብ_አርኤስ_ፕሮብ» በተባለ የአካባቢ ተለዋዋጭ ውስጥ ማስቀመጥም ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ትዕዛዙ ለሁሉም የቡድኑ አባላት አንድ ሆኖ ይቆያል፤ እያንዳንዱ ሰው በየኮምፒዩተሩ የራሱን ፕሮብ ያስቀምጣል።

ጄ-ሊንክ

የሴገር የትዕዛዝ መስመር ፕሮግራም ጄ-ሊንክ ኮማንደር ይባላል። በውስጡ «ሾው-ኢሙ-ሊስት» የሚለው ትዕዛዝ የተሰኩትን ጄ-ሊንኮች ይዘረዝራል። ሲነሳ ጀምሮ አንዱን ለመምረጥ «-ሴሌክት-ኢሙ-ባይ-ኤስኤን» ወይም በአጭሩ «-ዩኤስቢ» ከሲሪያል ቁጥሩ ጋር ይጻፋል።

ጄሊንክኤክስኢ -ዩኤስቢ 123456789

የጂዲቢ ሰርቨሩ አጻጻፍ ግን ይለያል፤ «-ሴሌክት ዩኤስቢ=123456789» ይባላል። በኔትወርክ ለተያያዘ ጄ-ሊንክ በ«ዩኤስቢ» ፋንታ «አይፒ» ይገባል። የአንድ አምራች ሁለት ፕሮግራሞች ሁለት አጻጻፍ ስላላቸው ከአንዱ ወደ ሌላው አማራጭ መቅዳት የተለመደ ስህተት ነው።

የኖርዲክ ሴሚኮንዳክተር ቺፖችን ለመጫን ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ኤንአርኤፍ-ጄፕሮግ በጄ-ሊንክ ላይ የተመሠረተ ነው። «--አይዲስ» ሲሪያል ቁጥሮቹን ያወጣል፣ «-ኤስ» ወይም «--ኤስኤንአር» ደግሞ ይመርጣል።

ኤስቲ-ሊንክ

ለኤስቲ-ሊንክ ሁለት የፕሮግራም ስብስቦች በሰፊው ያገለግላሉ። በነፃ ፈቃድ የሚሰራጨው ስብስብ «ኤስቲ-ኢንፎ --ፕሮብ» በሚለው ትዕዛዝ ፕሮቦችን ያሳያል፤ «ኤስቲ-ፍላሽ» እና «ኤስቲ-ዩቲል» ደግሞ «--ሲሪያል» የሚል አማራጭ ይቀበላሉ። ሁለተኛው የአምራቹ የራሱ ኤስቲኤም32 ኪዩብ-ፕሮግራመር ነው። በእርሱ «-ኤል» ይዘረዝራል፤ «-ሲ ፖርት=ኤስደብሊውዲ ኤስኤን=11223344» ደግሞ ይመርጣል። «ኤስኤን» ፈንታ «ኢንዴክስ» በመጻፍ በተራ ቁጥር መምረጥም ይፈቅዳል። የተራ ቁጥር ጉድለት ግን ከላይ እንደተገለጸው ነው።

ኤቪአር-ዱድ

ለኤቪአር ቺፖች የሚያገለግለው ኤቪአር-ዱድ «-ፒ ዩኤስቢ:» ከሚለው ቀጥሎ ሲሪያል ቁጥር ይቀበላል። የሚያመሳስለው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ የቁጥሩን መጨረሻ ብቻ መጻፍ ይበቃል። የተሰኩትን ሲሪያል ቁጥሮች ለማወቅ የሚደረግ አንድ የታወቀ ዘዴ አለ፤ ሆን ብሎ የማይገኝ ቁጥር መስጠትና «-ቪ» የሚለውን የዝርዝር ማብራሪያ አማራጭ መጨመር። ፕሮግራሙ የተጠየቀውን ሲፈልግ ያገኛቸውን ሁሉ ያሳያል።

ብላክ ማጂክ ፕሮብ

ይህ ፕሮብ የጂዲቢ ሰርቨሩን በራሱ ውስጥ ስለያዘ በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ሁለት ሲሪያል ፖርት ይታያል፤ አንዱ ለጂዲቢ፣ ሌላው ለጽሑፍ መልእክት። ስለዚህ ምርጫው የሚደረገው የፖርቱን ስም ለጂዲቢ በመስጠት ነው። በሊነክስ የፖርት ተራ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ስርዓቱ በመለያቸው የሚያዘጋጃቸውን ቋሚ ስሞች መጠቀም ይሻላል። እነዚህ ስሞች የሚገኙት «ዴቭ» ማህደር ውስጥ ባለው «ሲሪያል» ሥር፣ «ባይ-አይዲ» በሚባለው ንዑስ ማህደር ነው።

ሁለት ፕሮብ በአንድ ጊዜ

ሁለት ቦርዶች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ለማየት (ለምሳሌ አንዱ በሬዲዮ ሲልክ ሌላው ሲቀበል) ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ዲበግ ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮብ አንድ ሰርቨር ይነሳል። እዚህ ላይ ከፕሮብ ምርጫ ሌላ ሁለተኛ ምርጫ ይመጣል፤ የኔትወርክ ፖርት።

ኦፕን-ኦሲዲ ካልተነገረው በቀር ለጂዲቢ ፖርት 3333፣ ለቴልኔት 4444፣ ለቲሲኤል 6666 ይይዛል። ፓይ-ኦሲዲም 3333 እና 4444 ይጠቀማል። የጄ-ሊንክ ጂዲቢ ሰርቨር 2331፣ ኤስቲ-ዩቲል ደግሞ 4242 ናቸው። አንድን ፖርት ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሊይዙት አይችሉም። ስለዚህ የሁለተኛው ሰርቨር ፖርቶች መቀየር አለባቸው። በኦፕን-ኦሲዲ ይህ የሚደረገው «-ሲ "ጂዲቢ_ፖርት 3334"» በማለትና ሌሎቹን ሁለት ፖርቶችም በተመሳሳይ መንገድ በመለወጥ ነው።

አደጋው ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሰርቨር ፖርት አጥቶ ሳይነሳ ቢቀር፣ ጂዲቢ ግን በልማድ ወደ 3333 ቢገናኝ፣ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ሰርቨር፣ ማለትም የመጀመሪያውን ቦርድ ነው። የሲሪያል ቁጥሩ በትክክል ተጽፎ ሳለ ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ቦርድ ይጫናል። ስለዚህ ፕሮቡና ፖርቱ ሁልጊዜ እንደ ጥንድ ተደርገው መያዝ አለባቸው፤ የሰርቨሩም የመነሻ መልእክት መነበብ ይኖርበታል።

ፕሮብ መምረጥና ቺፕ መምረጥ

ፕሮብ መምረጥና ቺፕ መምረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጄታግ ብዙ ቺፖች በአንድ ሰንሰለት ላይ ተያይዘው በአንድ ፕሮብ ሊሠራባቸው ይችላል። በኤስደብሊውዲ ሁለተኛ ስሪትም ብዙ ተቀባዮች አንድ መስመር መጋራት ይችላሉ፤ አርፒ2040 የተባለው ቺፕ ሁለት ማዕከላዊ ክፍሎቹን የሚያገናኘው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሲሪያል ቁጥሩ ፕሮቡን ብቻ ይወስናል፤ ከእርሱ ጀርባ የትኛው ቺፕ እንደሚነካ የሚወስነው ሌላ ትዕዛዝ ነው።

ሲሪያል ቁጥሩ ስለ ፕሮቡ እንጂ ስለ ቦርዱ አይናገርም። ፕሮቡ ከአንዱ ቦርድ ተነቅሎ ሌላው ላይ ቢሰካ ትዕዛዙ ልዩነቱን አያውቅም። ስለዚህ ጥፋት ሊያመጣ የሚችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቺፑን የራሱን መለያ አንብቦ ማመሳከር ይመከራል። የጄታግ መለያ ኮድ ባለ 32 ቢት ሲሆን የቺፑን ዓይነት ብቻ ይናገራል። የኤስቲኤም32 ቺፖች ከዚህ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ቺፕ ብቻ የሆነ ባለ 96 ቢት መለያ አላቸው። አርፒ2040 ግን የራሱ ልዩ መለያ የለውም፤ በምትኩ አብሮት ያለው የፍላሽ ቺፕ ባለ 64 ቢት መለያ ያገለግላል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

ተመሳሳይ ወይም ባዶ ሲሪያል። አንዳንድ ርካሽ ቅጂ ፕሮቦች ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሪያል ይዘው ይወጣሉ። በኤፍቲዲአይ ቺፕ የተሠሩ ፕሮቦች ደግሞ ሲሪያሉን የሚያስቀምጡት በትንሽ ኢኢፕሮም ውስጥ ስለሆነ፣ ኢኢፕሮሙ ካልተጻፈ ሲሪያል አይኖራቸውም። ለኋለኞቹ መፍትሔው ኢኢፕሮሙን መጻፍ ነው። ለፊተኞቹ ግን በመሰኪያ ቦታ መምረጥ ወይም በየኮምፒዩተሩ አንድ ብቻ መሰካት ይቀራል።

የማይነበብ ሲሪያል። የቆየ ፈርምዌር ያላቸው አንዳንድ የኤስቲ-ሊንክ ሁለተኛ ትውልድ ፕሮቦች ሲሪያላቸው በሚታዩ ፊደላት ሳይሆን በጥሬ ባይቶች የተጻፈ ነው። ስክሪኑ ላይ የተዘበራረቀ ምልክት ይታያል፤ ገልብጦ መለጠፍም አይቻልም። የፕሮቡን ፈርምዌር ማደስ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ይፈታል።

የፈቃድ እጦት። በሊነክስ ተራ ተጠቃሚ መሣሪያውን ለመክፈት ፈቃድ ከሌለው ትክክለኛ ሲሪያል ቢጽፍም ፕሮግራሙ «አልተገኘም» ወይም «አልተከፈተም» ሊል ይችላል። መፍትሔው ለመሣሪያው ዓይነት የዩዴቭ ደንብ መጻፍ እንጂ ፕሮግራሙን ሁልጊዜ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ አይደለም።

የተያዘ ፕሮብ። አንድ ፕሮብ በሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ተከፍቶ በተረሳ የልማት አካባቢ፣ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ፕሮብ ሳይጠቀስ ቢሠራ አንዳንድ ፕሮግራም የተያዘውን አልፎ ቀጣዩን ይሞክራል። ሲሪያል ሲጠቀስ ግን ሌላ ሳይነካ ስህተቱን ያሳውቃል። አንድ ፕሮብ ብቻ ሲኖርም ሲሪያል መጥቀስ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የስም መመሳሰል። የሲኤምሲስ-ዳፕ ፕሮቦች የሚታወቁት በዩኤስቢ ምርት ስማቸው ውስጥ «ሲኤምሲስ-ዳፕ» የሚል ቃል በመኖሩ ነው። ራሱ የሠራውን ፕሮብ የሚሰካ ተማሪ ይህን ቃል ከስሙ ካስቀረ ፕሮቡ በዝርዝሩ ላይ ላይታይ ይችላል።

በስክሪፕትና በፈተና ጣቢያ

በብዙ ቦርዶች ላይ ፈርምዌር በራሱ በሚፈተንበት ጣቢያ የሚከተሉት ልማዶች ጠቃሚ ናቸው።

1. በእያንዳንዱ ፕሮብ ላይ ሲሪያሉ የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል፤ ያው ቁጥር በሚሠራበት ቦርድ ላይም ይለጠፋል።
2. ሲሪያል፣ ቦርድና የኔትወርክ ፖርት በአንድ ሠንጠረዥ ፋይል ይመዘገባሉ። ስክሪፕቱ የሚያነበው ከዚያ ፋይል ነው።
3. ሲሪያል ቁጥሩ በጋራ ኮድ ውስጥ አይጻፍም፤ በአካባቢ ተለዋዋጭ ወይም በግል የውቅር ፋይል ይቀመጣል።
4. ተለዋዋጩ ባዶ ከሆነ ስክሪፕቱ መቆም አለበት። ባዶ ሲሪያል በአንዳንድ ፕሮግራም «የተገኘውን ውሰድ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል።
5. ከመጻፍ በፊት የቺፑ መለያ ተነብቦ ከሠንጠረዡ ጋር ይመሳከራል።
6. የማይመለስ ቅንብር የሚያበራ ትዕዛዝ ከተለመደው የመጫኛ ስክሪፕት ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል፤ በሚሠራበትም ጊዜ ሌሎች ቦርዶች ከኮምፒዩተሩ ይነቀላሉ።

የመምረጫ አማራጮች ማጠቃለያ

ኦፕን-ኦሲዲ፦ -ሲ "አዳፕተር ሲሪያል …" ወይም -ሲ "አዳፕተር ዩኤስቢ ሎኬሽን …"
ፓይ-ኦሲዲ፦ -ዩ፣ --ዩአይዲ ወይም --ፕሮብ፤ ለመዘርዘር፦ ሊስት
ፕሮብ-አርኤስ፦ --ፕሮብ አምራች:ምርት:ሲሪያል፤ ለመዘርዘር፦ ሊስት
ጄ-ሊንክ ኮማንደር፦ -ዩኤስቢ ወይም -ሴሌክት-ኢሙ-ባይ-ኤስኤን፤ ለመዘርዘር፦ ሾው-ኢሙ-ሊስት
ጄ-ሊንክ ጂዲቢ ሰርቨር፦ -ሴሌክት ዩኤስቢ=…
ኤንአርኤፍ-ጄፕሮግ፦ -ኤስ ወይም --ኤስኤንአር፤ ለመዘርዘር፦ --አይዲስ
ኤስቲ-ፍላሽ፦ --ሲሪያል፤ ለመዘርዘር፦ ኤስቲ-ኢንፎ --ፕሮብ
ኤስቲኤም32 ኪዩብ-ፕሮግራመር፦ -ሲ ፖርት=ኤስደብሊውዲ ኤስኤን=…፤ ለመዘርዘር፦ -ኤል
ኤቪአር-ዱድ፦ -ፒ ዩኤስቢ:… (የሲሪያሉ መጨረሻ ይበቃል)